ዲዩቲ የሌለው ባለሙያ

የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የሀዋሳ ልጅ። ሲዳማ ደጋ ላይ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ ገጠር ለመውጣት የሚያስቡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ክፍያው ነው።

ስቀጠር የቤት አበልና ዲዩቲ፣ ማለትም የማታ ተረኝነት ክፍያ፣ አለ ተባልኩ። ስደርስ የቤት አበሉ በቃል ብቻ ነበር፤ ደብዳቤ የለውም። ዲዩቲውም እኔን አይመለከትም። ክፍላችን ተመላላሽ ብቻ ስለሆነ የማታ ተረኛ አያስፈልገውም አሉኝ። ነርሶቹ በዲዩቲ ደመወዛቸውን ሲደጉሙ እኔ በደመወዝ ብቻ ቀረሁ። ሌሊት በገመድ የታሰረ ታማሚ ሲመጣ ግን በሬን ያንኳኳሉ።

ሁለት ወር ሙሉ ውስጤ ሲቃጠል ከረመ። ከዚያ ደብተር ገዛሁ። ማታ የተጠራሁበትን ቀን፣ ሰዓቱንና የሠራሁትን መመዝገብ ጀመርኩ። በስድስተኛው ወር ደብተሩን ይዤ ማኔጅመንቱ ፊት ቀረብኩ። የድንገተኛ ክፍል ተራ ውስጥ አስገቡኝ። ስለ ቤቱም ብር መጠየቄን ትቼ ግቢው ውስጥ ያለችውን ባዶ ክፍል ለመንኩ። ያቺ ክፍል ከአበሉ በላይ ጠቀመችኝ። በዚያች ከተማ ውሃ ያለው ቤት ብር ቢኖርም አይገኝም።

ያላሰብኩት ነገር መጣ። ዲዩቲ ያደርኩ ማግስት እረፍት ነኝ፤ ክፍሌ ይዘጋል። አንዲት እናት በገበያ ቀን ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዛ ተዘግቶ አገኘችው። በሳምንቱ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጇን ይዛ ተመለሰች። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንት አለፈው» አለችኝ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ባንዴ ሲቋረጥ ሕመሙ ይብሳል። ልጁ ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ተቃጥሏል። ያን እጅ ሳክም የዲዩቲ ብሬ አስጠላኝ። በገበያ ዋዜማ ዳግመኛ ተረኛ አልሆንኩም። ክፍያው ለራሳችን ታካሚ በምንሰጠው ጊዜ መታሰብ አለበት ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባለሙያን ገጠር ስለማቆየት ምክር ሲያወጣ ገንዘብን ብቻውን አላስቀመጠውም። ትምህርትና የሙያ ድጋፍም አብረው አሉ። ለመልቀቅ ያስነሳኝም ብቸኝነቱ ነበር እንጂ የብር ማነስ አልነበረም። ያተረፈኝ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሀዋሳ ላለ ሲኒየሬ፣ በልምድ ለሚበልጠኝ ባለሙያ፣ እየደወልኩ የከበደኝን ታካሚ ማማከሬ ነው።

እናንተም የተባለላችሁን ሁሉ በደብዳቤ ተቀበሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ መድኃኒት ቤቱን እዩ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል አለ? የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲንስ? እኔ የደረስኩ ሰሞን መደርደሪያው ላይ የነበረው ክሎርፕሮማዚን የሚባለው የቆየ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ብቻ ነው።