በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ታክሲ ገና ጎህ ሳይቀድ ይሞላል፤ ከተሳፋሪው የሚበዛው ነጠላውን አጣፍቶ ባዶ ጀሪካን የያዘ ጸበልተኛ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል በእግሬ አቀናሁ። ለጸበሉ እህል ሳይቀምሱ መድረስ ያስፈልጋልና፣ የተራራው ብርድ በባዶ ሆድ ላይ ይበረታል። ካህናቱ እየጸለዩ ያጠምቃሉ፤ የሚጮኸው ይጮኻል፣ ሌላው ተራውን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ቦታው በኤችአይቪ ሕሙማን ዘንድ እጅግ የታወቀው መድኃኒቱ ለድሃ በማይቀመስበት ዘመን ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ጸበልን ከእንክብል ጋር ማጣመር እምነትን ማጉደል ነው ብለው መድኃኒቱን የተዉ ብዙዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ መልሶ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ። በእኔ ግምት ይህን ቃል ከሐኪም ይልቅ ከመንበሩ መስማታቸው ለጸበልተኞቹ ትልቅ ነገር ነበር።

ከተጠመቁ በኋላ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ያን ጊዜ ያስታውሳሉ። «እንክብሉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ሰው ሳያየኝ በጨለማ ነበር የምውጠው፤ አሁን በጸበሉ አወራርደዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ተፈወሱ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ እሳቸው ግን ያነሱልኝ ስለ መጠጫ ነው። በአገራቸው ጎረቤት ለብቻቸው ኩባያ መድቦላቸው ነበር፤ እዚህ ጸበሉን ሁሉም በአንድ ጣሳ እየተቀባበለ ይጠጣል። ሕመምን ብቻ ሳይሆን መገለልንም ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማኅበር የትኛውም ፋርማሲ አይሰጠውም፣ ጸበሉም ቢሆን የመድኃኒቱን ሰዓት አይተካም።

ሱባኤያቸውን እስኪጨርሱ የሚበቃ እንክብል መያዛቸውን ነገሩኝ። የሆስፒታል ቀጠሮው በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ቀን ቢውልብዎ ምን ያደርጋሉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኪዳን አድርሼ እወርዳለኋ!» አሉ።