ስንት ቀለም ይበቃል?

ድሬዳዋ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር፣ በተለይ የከሰዓቱ ፈረቃ በሙቀት ሲዝል፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ወጣ ብዬ የማነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ድፍን ቁጥሮችን በመስመር ላይ ደርድረን የተወሰኑ ርቀቶችን እንምረጥ፤ ልዩነታቸው ከተመረጡት ርቀቶች አንዱ የሆነ ሁለት ቁጥሮች አንድ ቀለም እንዳይቀቡ ከተከለከለ ቢያንስ ስንት ቀለም ያስፈልጋል?

ርቀቶቹ ጎዶሎ ቁጥሮች ሁሉ ቢሆኑ፣ ማለቂያ ባይኖራቸውም፣ ሁለት ቀለም ይበቃል፦ ለጎዶሎዎቹ አንድ፣ ለተጋማሾቹ ሌላ። በአንጻሩ 2፣ 3 እና 5 ብቻ ሲመረጡ ሦስት ቀለም አይበቃም። ማረጋገጫው የሰሌዳውን ግማሽ እንኳ አይፈጅም፤ ከጉዳዩ ሁሉ ለእኔ የሚያምረውም እርሱ ነው። 0፣ 2 እና 5 እርስ በርስ የሚራራቁት በ2፣ በ3 እና በ5 ስለሆነ የሦስቱም ቀለም መለያየት አለበት፤ 0፣ 3 እና 5ም እንዲሁ። ያሉት ቀለሞች ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ ሁለቱን 0 እና 5 ስለሚወስዷቸው ለ2ም ሆነ ለ3 የሚተርፈው ያው ሦስተኛው ነው። ከ1 ብንነሣ 3 እና 4፣ ከ2 ብንነሣ 4 እና 5 በዚያው መንገድ አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ እንዲህ እያለ መስመሩ በሙሉ በአንድ ቀለም ይዋጣል፣ ይህ ደግሞ የተከለከለ ነው።

«5ን ብናወጣውስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ያኔ ሦስት ባለቀለም ጠመኔ ይበቃል፦ ከ0 ጀምሮ ሁለት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሁለት ቢጫ፣ ከዚያ እንደገና ቀይ። 5 ሲመለስ ግን 1 እና 6 ሁለቱም ቀይ ሆነው ይገኛሉ።

ኤግልተን፣ ኤርዶሽ እና ስኪልተን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም ከ1 የሚበልጡና ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያሉ የሚቀጥሉትን፣ በሙሉ ርቀት አድርገው ሲወስዱ መልሱ አራት ሆኗል። ሦስት እንደማይበቃ ከላይ አይተናል፤ አራት የሚበቃው ደግሞ ቁጥሮቹን ለ4 ሲካፈሉ በሚተርፋቸው ቀሪ ከቀባናቸው የአንድ ቀለም ቁጥሮች ልዩነት ሁልጊዜ ለ4 ስለሚካፈል፣ ለ4 የሚካፈል ብቸኛ ቁጥርም ስለሌለ ነው።

ካሬ ቁጥሮች፣ ማለትም 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያሉ የሚቀጥሉት፣ ከብቸኛ ቁጥሮች እጅግ የሳሱ ስለሆኑ ያነሰ ቀለም የሚጠይቁ ይመስላል። ነገር ግን ፉርስተንበርግ በ1977፣ ሻርኮዚ ደግሞ በ1978 በየፊናቸው ባረጋገጡት መሠረት፣ ከቁጥሮቹ መካከል ዜሮ ያልሆነ ድርሻ ያለው ማንኛውም ስብስብ ልዩነታቸው ካሬ የሆነ ሁለት አባላት አሉት። ቀለሞቹ ሺህም ይሁኑ ሚሊዮን፣ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ድርሻ መያዙ ስለማይቀር፣ ለካሬዎች የሚበቃ የተወሰነ የቀለም ብዛት የለም።