ትኩሳት ያልነበረው ሕመም

በነርስነት የምሠራው በሰሜን ካናዳ፣ በኑናቩት ግዛት፣ በባፊን ደሴት ሰሜናዊ ክፍል በሚገኝ አንድ የኢኑይት (የአርክቲክ ቀደምት ነዋሪ ሕዝብ) መንደር ነው። ቤተሰቤ የሚኖረው ኦታዋ ሲሆን፣ እኔ ወደ ሰሜን የምሄደው በውል እየተቀጠርኩ፣ አንዳንዴም ክረምቱን በሙሉ እዚያው እየቆየሁ ነው። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ የአገሬ ልጆች ደውለው የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ስለ ብርዱ፣ ስለ ካፖርቱና ስለ ጫማው ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሲደርስ ማንም እንደ ልዩ ነገር አያወራለትም። ይሁን እንጂ አዲስ መጤ ሰው ለክረምቱ ከሚያዘጋጀው ሁሉ እጅግ የሚያስፈልገው ጎረቤት መሆኑን ያረጋገጠልኝን አንድ የሥራ ገጠመኝ መጻፍ እፈልጋለሁ። የታካሚዎቹን ማንነት ላለመግለጽ ስል የመንደሩን ስምና አንዳንድ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

ኑናቩት ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቆዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቢቀረውም የነዋሪዎቿ ቁጥር 40,000 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኞቹም ኢኑይት ናቸው። መንደሮቿን እርስ በርስም ሆነ ከደቡብ ካናዳ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ሰው የሚመጣውም የሚሄደውም በአውሮፕላን ነው። ከባድ ዕቃና የዓመቱ ነዳጅ የሚደርሰው ባሕሩ በሚከፈትባቸው ጥቂት ሞቃት ወራት በመርከብ ነው። መሬቱ ከሥር ዓመቱን ሙሉ እንደ ረጋ የሚኖር በረዶ ስለሆነ የቤቶቹ ሙቀት እንዳያቀልጠውና ቤቶቹም እንዳይሰምጡ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ተደርገው ይሠራሉ፤ ውኃ በቦቴ መኪና ለየቤቱ ይታደላል፣ ፍሳሹም በሌላ ቦቴ ይመጠጣል። በእኛ መንደር ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ድረስ ፀሐይ ጨርሳ አትወጣም። ቀትር ላይ በደቡብ አድማስ ወገግ የሚል ብርሃን ይታይና ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይጨልማል።

አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ፖሊሱና የሒሳብ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ከደቡብ የሚመጡ ናቸው። አሠሪያቸው ቤት ይሰጣቸዋል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ኢንተርኔት አለ፤ ስለዚህ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ እየተመላለሱ የማንንም በር ሳያንኳኩ ወራት ማሳለፍ ይቻላቸዋል። ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ነገር የለም፤ የመንደሩ ሰው ሊያስገባቸው በሩን ከፍቶ ሳለ እነርሱ ሰው ላለማስቸገር በሚል ቅን አሳብ ራሳቸውን ያርቃሉና።

ጤና ጣቢያችን ነዋሪ ሐኪም የለውም። ሐኪም በየጊዜው እየመጣ ያያል፤ በቀረው ጊዜ ሌሊትም ቀንም ተረኛ የምንሆነው ነርሶች ስንሆን፣ ሲጨንቀን በግዛቷ ዋና ከተማ በኢቃሉዊት የሚገኘውን ሐኪም በስልክ እናማክራለን። በግዛቷ ያለው ብቸኛ ሆስፒታል እዚያ ነው፤ ጠና ያለ ሕመምተኛ በአምቡላንስ አውሮፕላን ይወሰዳል፣ አየሩ ከፈቀደ። ከእኛ ጋር የምትሠራው አስተርጓሚ የመንደሩ ተወላጅ፣ በዕድሜዋ ገፋ ያለች ሴት ናት። ስልክ ታነሳለች፣ መዝገብ ታወጣለች፣ ሽማግሌዎች የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። የሥራ መደቧ ከዚህ አያልፍም፤ ደመወዟም ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ገጠመኙ የደረሰው ፀሐይ በማይወጣበት ወቅት፣ ለቀናት የቆየ የበረዶ ውሽንፍር ባበቃ ማግስት ነው። ውሽንፍር ሲባል ብዙ በረዶ ከሰማይ መውረዱ ብቻ አይደለም፤ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ መሬት ላይ ያለውን ደረቅ በረዶ አንሥቶ እንደ ዱቄት እያበነነ አየሩን ሲሞላው፣ ሰው ከፊቱ ያለውን ቤት ማየት ይሳነዋል። ትምህርት ቤቱና ሱቁ ይዘጋሉ፣ ቦቴዎቹ ይቆማሉ፣ ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። ነፋሱ ጸጥ ባለበት በዚያ ጠዋት ጤና ጣቢያው በሰው ተሞላ። የኢንፍሉዌንዛ ወቅት ስለነበር የሚያስለው ብዙ ነው። ከመጡት መካከል በዚያ ዓመት ከደቡብ የመጡ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ነበሩ፤ ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ሦስቱንም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይዟቸዋል፤ ልጁ ሌሊቱን አስመልሶታል።

ገና ከመጣች ወር ያልሞላት ባልደረባዬ ተቀብላ መረመረቻቸው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 99 በመቶ አሳየ። ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን አይቀርም ብላ ዕረፍትና ፈሳሽ ልታዝላቸው ተዘጋጀች፤ ግምቷም የሚያስወቅስ አልነበረም፣ በዚያ ሳምንት ያየናቸው ሁሉ የያዛቸው እርሱ ነበርና። አስተርጓሚያችን የቤታቸውን ቁጥር ለመመዝገብ ቀረብ አለችና ቁጥሩን ከሰማች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፦ «በረዶው የተቆለለው በቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አባትየው፣ በጓሮ በኩል እስከ መስኮቱ ድረስ መድረሱን ነገራት። ወደ እኔ ዞር አለችና ነፋሱ በዚህ ጊዜ ከወትሮው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደመጣ፣ በዚያ ተርታ ያሉት ቤቶች የማሞቂያ ክፍል አየር ማስገቢያ ደግሞ በጓሮ በኩል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነገረችኝ።

ስለ ነፋስ አቅጣጫ የምትናገረው በግምት አይደለም። በዚያ አካባቢ በጨለማም በጭጋግም የሚጓዙ አዳኞች መንገዳቸውን ከሚያውቁባቸው ምልክቶች አንዱ፣ ዘወትር ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ መሬት ላይ ቀርጾ የሚያጠነክረው የበረዶ ሸንተረር ነው፤ በበረዶ ላይ የሚነዱት ሞተር ሸንተረሩን በምን ማዕዘን እንደሚያቋርጥ እየተሰማቸው አቅጣጫቸውን ይጠብቃሉ። ከእንዲህ ያሉ አዳኞች ቤት ያደገ ሰው ነፋስ ሲዞር ሳያስተውል አያልፍም።

እኔም በበኩሌ የሰማሁት ነገር ወዲያው ከምን ጋር እንደሚያያዝ ገባኝ። በአዲስ አበባ በተማሪነቴ ዘመን በክረምት ብርድ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ የታፈኑ ቤተሰቦች ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ አይቻለሁ፤ ለብዙዎቻችን ይህ ከልጅነት ጀምሮ የምንሰማው አደጋ ነው። ቤተሰቡን ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። ትኩሳት ወይም ሳል አላችሁ? የለንም። ሦስታችሁንም የጀመራችሁ በአንድ ጊዜ ነው? አዎን። ወደዚህ ስትመጡ ከቤት ከወጣችሁ በኋላ ራስ ምታቱ ቀለለላችሁ? እናትየው ትንሽ አሰበችና እንደቀለላት ተናገረች። ልጁ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው፣ ውሻቸው ጠዋት አልነሣም ብሎ እንደተኛ መቅረቱን ነገረን።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ለነዳጁ እሳት የሚበቃ አየር ሳይገባ ሲቀር ይፈጠራል፣ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋርም ከኦክስጅን ይልቅ እጅግ አጥብቆ ይጣበቃል። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ መለኪያ ሁለቱን መለየት ስለማይችል፣ ሰውየው እየታፈነም ቁጥሩ መልካም ሆኖ ይታያል፤ ባልደረባዬ ያነበበችው 99 እንዲህ ያለ ቁጥር ነበር። ሦስቱንም ወዲያው ባለ ከረጢት ጭምብል አድርገን ሙሉ ኦክስጅን ሰጠናቸው። ተራ አየር ለሚተነፍስ ሰው በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል በሚሰጥ ሙሉ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። በስልክ ያማከርነው ሐኪም በዚሁ እንድንቀጥልና ልጁን በተለይ እንድንከታተል አዘዘን። የአውሮፕላን ማረፊያው ገና በረዶው ስላልተጠረገ በዚያ ሰዓት አውሮፕላን ቢፈለግ እንኳ አይገኝም ነበር።

እኛ ይህን ስንሠራ አስተርጓሚያችን ስልኩን ይዛ የቤቱን ጉዳይ ጀምራ ነበር። የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለኪያ ይዘው ሄዱ፣ ማሞቂያውን አጠፉ፣ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ ውሻውንም በሕይወት አወጡት። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ በዚያ ብርድ ማሞቂያ የጠፋበት ቤት በሰዓታት ውስጥ የውኃ ጋኑና ቧንቧው ይበርዳል፣ ከፈነዳም ቤቱ እስከ ሙቀቱ ወራት ሰው ላያስገባ ይችላል። የወንድሟ ልጆች በአካፋ አየር ማስገቢያውን ሲቆፍሩ በጠጠረው በረዶ ውስጥ ክንድ የሚያህል ጥልቀት መውረድ ነበረባቸው። የቤቶቹ ጥገና ሠራተኛ ማሞቂያውን አጽድቶና ፈትሾ መልሶ ያስነሣው ማታውን ነው። በቤቱ የነበረው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከግድግዳው ወርዶ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ባትሪው ሲደክም እየጮኸ ያስቸገረው የቀድሞ ተከራይ አውርዶት ኖሯል።

ቤተሰቡ ያን ሌሊት ያደረው በአስተርጓሚያችን ቤት ነው። ከሥራ በኋላ ልጁን ላየው ስሄድ ወለሉ ላይ በተዘረጋ ካርቶን ዙሪያ ከቤቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ፣ በረዶ እንደሆነ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የአርክቲክ ቻር ዓሣ ሲያጣጥም አገኘሁት። እናቱ ሻይዋን ይዛ፣ ከመጡ ጀምሮ የመንደሩ ሰው ቤት ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገረችኝ። የእነርሱ ቤት ከዚህ ቤት በስተቀኝ በኩል አራተኛው ነው።

በሥራችን የተለወጡ ነገሮች አሉ። ከውሽንፍር በኋላ ከአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ ትኩሳት ሳይኖረው በራስ ምታት ከመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ማሞቂያው ነው። አስተርጓሚያችን ነፋሱ እንዳቆመ በመንደሩ ሬዲዮ በኢኑይት ቋንቋ፣ በኢኑክቲቱት፣ እየተናገረች ሰው አየር ማስገቢያውንና የጭስ መውጫውን እንዲያይ ታሳስባለች፤ እኔም ያንኑ በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከእርሷ ጋር በተርታው ያሉትን ቤቶች እየዞረ እንዲተዋወቅ ሐሳብ ያቀረበችው ባልደረባዬ ናት፤ በሥራ ሰዓት እንዲሆንም ተከራክራ አስፈቅዳለች። ለአስተርጓሚዋ ግን በዚህ ሥራ የተጨመረላት ክፍያ የለም፤ ይህን በየስብሰባው አነሣለሁ፣ ወደፊትም አነሣለሁ።

በዚያ ተርታ ያሉት ቤቶች አየር ማስገቢያ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ ተወስኗል። ዕቃው የሚመጣው በመርከብ በመሆኑ ሥራው የተጀመረው ባሕሩ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ እስከዚያው በየውሽንፍሩ ማግስት አካፋ ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩት የአስተርጓሚያችን የወንድም ልጆችና አስተማሪው ነበሩ።