አንዲት የዝናብ ጠብታ ሁለት ሳምንት በላችብኝ

ትናንት ማታ አንድ የሜካኒክስ (የእንቅስቃሴ ፊዚክስ) ጥያቄ ያለማንም እርዳታ ፈታሁ። ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ዶርም ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከአንድ ወር በፊት ሚድ ላይ ከ30 9 ያመጣሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙም አይወራባቸውም። ቬክተር ተማርን፣ አለፈ። የኒውተንን ሦስት ሕጎች ከሃይስኩል ጀምሮ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው የምወጣቸው። ግን ፈረስ ጋሪን ከጎተተ፣ ጋሪውም ፈረሱን እኩል ከጎተተ፣ እንዴት ይሄዳሉ ሲባል ዝም። የገባኝ ፈረሱንና ጋሪውን በተለያየ ገጽ ላይ ስስላቸው ነው። ጋሪው ገጽ ላይ የፈረሱ ጉተታና የመንገዱ ፍሪክሽን (ሰበቃ) ብቻ ቀሩ፤ ጉተታው ከበለጠ ጋሪው ይነሳል። ፈረሱን ወደፊት የሚገፋው ደግሞ በሰኮናው ወደኋላ የሚረግጠው መሬት ነው።

አማርኛችንም አላገዘኝም። ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም እያልን እያቀያየርን ነው የምናወራው። መብራት ኃይል ስሙ ኃይል ነው፣ የሚያስከፍለን ግን ለኢነርጂ። ስለዚህ በሐሳቤ ሳይቀር ፎርስ ነው የምለው።

ወደ ጠብታዋ ልምጣ። ዎርክሺቱ ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ ትወድቃለች፣ አየሩ ደግሞ ከፍጥነቷ ጋር በሚያድግ ፎርስ ይገታታል። ፍጥነቷ ከጊዜ ጋር እንዴት ይለወጣል? እኔ ያቺን የለመድኳትን አወጣሁ፤ አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) በጊዜ ተባዝቶ መነሻ ፍጥነት ላይ ሲደመር። ሚድ ላይም የሠራሁት ይህንኑ ነው። ፎርሙላዋ አክስለሬሽን ሲለወጥ እንደማትሠራ ማንም አልነገረኝም ልል ነበር። ሀንድአውቱን ገልጬ ሳየው ተጽፏል። ያውም ተሰምሮበት፣ በራሴ ማርከር።

አየር ባይኖር ከ2000 ሜትር የምትወርድ ጠብታ መሬት ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። ሐምሌ ላይ ማን ከቤት ይወጣል?

የዶርም ጓደኛዬ “አንቺ፣ ኢንተግሬት አድርጊውና ተገላገዪ” አለችኝ (ትንንሾቹን ለውጦች ደምሪያቸው ማለቷ ነው)። ዲቪን (dv) ወዲህ፣ ዲቲን (dt) ወዲያ አድርጋ በሦስት መስመር ጨረሰችው። እንዴ፣ ይነጣጠላሉ እንዴ? እኔ አንድ ምልክት መስለውኝ ነበር። 12ኛ ክፍል የተማርኩት ዴሪቬቲቭ ለኔ ፓወሩን ወደፊት አውርዶ አንድ መቀነስ ነው። ገልብጬ አስገባሁ (አዎ፣ ገልብጬ)። ግን መልሱ ውስጥ ያ ኢ (e፣ 2.718 ገደማ) የሚባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ያወጣኝ ባለካሬ ደብተር ነው። ደብተርና ካልኩሌተር፣ በቃ። ቁጥሮቹን አቀለልኩ። ግራቪቲን 10 አልኩት። አየሩን ደግሞ አክስለሬሽኑ “ከ10 ላይ የፍጥነቷ እጥፍ ሲቀነስ” እንዲሆን አደረግኩት። ፍጥነቷ 5 ሲደርስ አክስለሬሽኑ ዜሮ ይሆናል ማለት ነው፤ ከዚያ አታልፍም። ከዚያ በ0.1 ሰከንድ እየዘለልኩ ሠንጠረዥ ሞላሁ፤ በየዝላዩ አክስለሬሽኑን በ0.1 አባዝቼ ፍጥነቷ ላይ እደምራለሁ። መጀመሪያ ፍጥነት 0፣ አክስለሬሽን 10። ቀጥሎ ፍጥነት 1፣ አክስለሬሽን 8። ከዚያ ፍጥነቷ 1.8፣ 2.44፣ 2.95።

ይሰለቻል። አምስተኛው መስመር ላይ ግን ቀና አልኩ። ፍጥነቷን ተዉት፣ 5 ለመሙላት የሚቀራትን እዩት፦ 5፣ 4፣ 3.2፣ 2.56። በየዝላዩ በ0.8 ይባዛል! ያ ኢ የመጣው ከዚህ ነው፤ ዝላዩን እያሳነሳችሁ ስትሄዱ ይህ መባዛት የሚደርስበት ቦታ ነው። 0.5 ሰከንድ ላይ ሠንጠረዤ 3.36 አለ። ዝላዩን ወደ 0.05 ሳወርደው 3.26 ሆነ። የጓደኛዬ ሦስት መስመር 3.16 ይላል። የኔ ቁጥር ወደሷ ሲንፏቀቅ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ዲቪ ማለት እኮ ከ1 ወደ 1.8 ስሄድ የጨመርኳት 0.8 ናት፣ ዲቲ ደግሞ 0.1ዋ፤ ሁለቱም እያነሱ ሲሄዱ። ምልክቱን ያወጣው ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ላይብኒትዝም በጣም ትንንሽ ልዩነቶች አድርጎ ነው ያሰባቸው።

(ለቀለሜዎች፦ አዎ፣ እውነተኛ ዝናብ ላይ የአየሩ ፎርስ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው ይበልጥ የሚሄደው። ዎርክሺቱ አቅልሎልናል።)

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት ማየት ጥናት አይደለም። ሞክሬዋለሁ፤ ትዝ የሚለኝ የአስተማሪው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ፎርሙላ ሺት ደግሞ ሚድ ላይ የጣለኝ እሱ ነው፤ ቢያንስ ፎርሙላዋ መቼ እንደማትሠራ አጠገቧ ጻፉ። ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሙሉት፣ በኤክሴል ሳይሆን። ፋይናል ላይ ግን ለዚህ ጊዜ የለም። እኔም ሦስቱን መስመር ሸምድጄ ነው የምገባው።

ትናንት የፈታሁት የጀልባ ጥያቄ ነው። ሞተሯ በሰከንድ 6 ሜትር እየሄደች ጠፋ፣ ውኃው ከፍጥነቷ ጋር በሚመጣጠን ፎርስ ይገታታል። ምን ያህል ትሄዳለች? 24 ሜትር አገኘሁ፣ መልሱም ገጠመ። ግን ያው ፎርሙላ ፍጥነቷ መቼም ሙሉ በሙሉ ዜሮ አይሆንም ይላል። ለዘላለም እየሄደች 24 ሜትር አታልፍም? ሠንጠረዥ ጀምሬያለሁ፣ 40ኛው መስመር ላይ ነኝ። የገባችሁ ካላችሁ በጋሪና በፈረስ ቋንቋ አስረዱኝ።