«በቴሌግራም ይላኩልኝ»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ ከለር ፕሪንተር፣ ላሚኔት ማድረጊያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለጉርድ ፎቶ የሰቀልኩት ነጭ አቡጀዲ። ሰው ሲገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የምለው አንድ ነው፤ «በቴሌግራም ይላኩልኝ።» ቁጥሬ በሩ ላይ ተለጥፏል። ፍላሽ መቀበል ካቆምኩ ቆየሁ። ሾርትከት ቫይረስ ያስለቀሰኝን እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንድ ተማሪ ፍላሹን ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፎልደሩ ጠፍቶበት እኔ ላይ ይጮኻል። ቴሌግራም ሲመጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ መብራት ሄዶ ወረፋው በረንዳ ላይ እንደቆመ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ላኪዋ ደንበኛዬ ናት። «እህቴ፣ ልጄ ውድድር ገብታለች፣ ድምፅ ስጪልኝ» ትላለች፣ ሥሩ ሊንክ አለው። ነካሁት። ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ኮድ መጣልኝ፣ እሱንም አስገባሁ። ማንም ሰብሮ አልገባብኝም፤ ቁልፉን ያቀበልኩት በገዛ እጄ ነው። የእሷም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምን ገጠመሽ? ሁለት ሺህ ብር በቴሌብር የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም ጋሼ!»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ። ‹ላክልኝ› ይላል። አንቺ እኔን ‹ላክልኝ› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አንቱታ አዳነን። አንዲት እናት ግን 1,500 ብር ልከው ነበር። ከኪሴ ከፈልኳቸው፤ አልቀበልም ብለው አንድ ሳምንት ተግደረደሩ።

ሌባውን ማስወጣቱ ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ሆነ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚል አለ፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ይዘረዝራል። አንድ የማላውቀው ስልክ ተደርድሮ አገኘሁ፣ አባረርኩት። እሱ እኔን ያላባረረኝ ስላልፈለገ አይደለም፤ ቴሌግራም ገና የገባ ስልክ የቆዩትን ወዲያው እንዲያስወጣ ስለማይፈቅድ ነው። ያቺ የ24 ሰዓት ክፍተት ናት ያተረፈችኝ። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አበራሁ፤ አሁን ኮዱ ብቻ አይበቃም፣ እኔ የማውቀው ሌላ የይለፍ ቃልም ይጠይቃል። ሱቅ ያላችሁ፣ ይቺን ዛሬ ማታ አድርጓት፤ ሦስት ደቂቃ አትፈጅም።

ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውየው በዚያች ግማሽ ሰዓት ምን አየ? ብዬ ቻቱን ወደ ላይ መጎተት ጀመርኩ። ፓስፖርት። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ከነፎቶው። የልደት ካርድ፣ የሥራ ልምድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሐኪም ወረቀት። የሦስት ዓመት ደንበኛ ሙሉ ሕይወቱ እኔ ስልክ ላይ ተቀምጧል፤ ያስቀመጥኩት እኔ፣ ያስቀመጥኩበት ምክንያት ደግሞ የለም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስፈትሽ የባሰውን አገኘሁ። ቴሌግራም ከሰው ያወረደውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ያጠራቅማል። ከፍቼው አላውቅም ነበር። ከ4,000 በላይ ፋይል! ያውም በሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ተማሪዎች በሰዓት ከፍለው አሳይመንት በሚሠሩበት። ከላይ ከተደረደሩት አንዱ «ማመልከቻ 3» ይላል። አወቅኩት። አንዲት ሴት ለፍርድ ቤት ያስጻፈችኝ ነው፤ ባሏ ያደረሰባትን ስትነግረኝ ወረፋው እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነበር፣ ስክሪኑንም በነጠላዋ ጋርዳብኛለች። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ማውስ የጨበጠ ሊያነበው ይችል ነበር። ሌባው የቆየው ግማሽ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን በሩን ሦስት ዓመት ክፍት አድርጌዋለሁ።

ጠበቃ ደንበኛ አለኝ። ስነግረው ሳቀና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል መውጣቱን ነገረኝ። የሰው መረጃ ሲያመልጥ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅን ይጠይቃል አለኝ። እኔ እንዲህ ያለው ነገር የባንክ ጣጣ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ወደ ባለሥልጣኑ ሳይሆን ወደ ደንበኞቼ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየደወልኩ «በእኔ ስም ብር ቢጠይቅዎት እንዳይልኩ፣ ወረቀትዎም ታይቶ ሊሆን ይችላል» አልኩ። የመጨረሻዋን ሐረግ ለመናገር ምላስ ይከብዳል። ያቺን ባለማመልከቻ ስደውልላት ዝም አለች፣ ቀጥላ «እሺ» አለችና ዘጋችው።

አሁን ሁለተኛው ኮምፒውተር ለብቻው ዩዘር አለው፣ ቴሌግራምም የለበትም። ዊንዶውስ 7 ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከጥር 2012 ጀምሮ ጥገና ያቆመለት። ከነክራኩ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ከሚያደርገው ማታለያ ጋር፣ አውጥቼ ጣልኩት፤ ክራክ ስንጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ሲለን እሺ ብለን ማጥፋታችን ዛሬ ያስቀኛል። ቻቱ ላይ በ24 ሰዓት ራሱን የሚያጠፋውን አበራሁ። ፋይሉን ደግሞ ባለቤቱ እያየ ሺፍት ይዤ ዲሊት ነው።

የማይወደው ግን ራሱ ባለቤቱ ነው! «ምነው አጠፋሽው? ነገ ስመጣ ታወጪልኝ የለ እንዴ?» ኮፒ ቤት እኮ ሰፈር ውስጥ መዝገብ ቤትም ነው። ኦሪጅናሉ የጠፋበት ሁሉ «ባለፈው ያወጣሽልኝ የለም?» ብሎ እኛ ጋ ይመጣል። አንድ አባት የልጃቸውን የ12ኛ ክፍል ውጤት ፍለጋ መጥተው አጥፍቼው ስለነበር ተቀይመውኝ ሄዱ፤ አሁን የሚሄዱት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እዚያ ምንም አይጠፋም። ገበያዬ ቀንሷል። አልዋሽም፣ አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል።

እንዲህ ኮምፒውተሩን ሳጸዳ ከርሜ ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ ከሚሸጡት እትዬ የ20 ብር ቆሎ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ዘግኜ ስቅም ከጥቅልሉ ላይ ግማሽ ጉርድ ፎቶ አፍጥጦ ያየኛል፤ ሥሩ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር። ኮፒ ሲደረግ ጠቁሮ የተበላሸ መታወቂያ ነው፣ ከእኔው ማሽን የወጣ። የተበላሸውን ወረቀት በፌስታል እየሞላሁ ለእትዬ የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ ጽድቅ የሠራሁ እየመሰለኝ።

«እትዬ፣ የቀረውን ይመልሱልኝ።»

«ውይ ልጄ፣ ታዲያ በምን ልጠቅልል?»

ቤት ገብቼ የልጄን ያለቁ ደብተሮች ሰብስቤ አመጣሁላቸው። ስሙ ያለበትን ሽፋን ገንጥዬ።