38 ኪሎሜትር በሰከንድ

እናቴ እሁድ እሁድ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ጤና ትጠይቃለች፤ ቀጥሎ ስለ ምግብ። መጨረሻ ላይ «ኮከቦቹስ እንዴት ናቸው?» ትላለች። የማጠናው ኮከብ እንዳልሆነ ሁለት ሦስቴ ላስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ። «ደህና ናቸው» እላለሁ። አንድ እሁድ ግን አፌ አላስቻለኝም። «እማ፣ አንድ ነገር ሳላገኝ አልቀረሁም» አልኳት። እልል ማለት ነው የቀራት። ያን እልልታ ቢያንስ እስከ ሐሙስ ማቆየት ነበረብኝ።

የምሠራው ጀርመን አገር፣ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። የማጠናው ጋዝ ነው። መቶዎችና ሺዎች ጋላክሲዎች ተሰብስበው በሚኖሩበት ሰፈር (ክላስተር እንለዋለን)፣ በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም። በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ስስ ጋዝ ሞልቶታል። በዚያ ግለት ብረት እንኳ ልብሱን ይገፈፋል። ከ26 ኤሌክትሮኖቹ 24ቱን አጥቶ በሁለት ብቻ ይቀራል። እንዲህ የተራቆተ ብረት 6700 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ደማቅ የኤክስሬይ መስመር፣ ማለትም በአንድ ጉልበት ላይ ነጥሮ የሚወጣ ብርሃን፣ ያወጣል። መስመሩ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ጋዙ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ክላክሱን እየነፋ የሚያልፍ አይሱዙ ሲቀርብ ድምፁ ቀጠን፣ ሲርቅ ወፈር እንደሚለው። ፈቀቅታውን ለክተህ ፍጥነቱን ታሰላለህ። በቃ፣ የቀን ሥራዬ ይኸው ነው።

መረጃው የሚመጣልን ክሪዝም ከምትባለው የጃፓን ሳተላይት ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የጠፈር ድርጅቶችም አሉበት። በ2023 መስከረም ላይ ነው የተወነጨፈችው። ሪዞልቭ የሚባለው መሣሪያዋ 36 ትናንሽ ነጥቦች አሉት። ከፍጹም ዜሮ በላይ በ0.05 ዲግሪ ብቻ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። አንድ የኤክስሬይ ቅንጣት ስታርፍበት ቅንጣቷ ያመጣችውን ሙቀት ይለካል። አዎ፣ የአንዲት ቅንጣት ሙቀት! ከፊቱ ያለው መዝጊያ ጠፈር ላይ አልከፈት ብሎ ከ1700 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን ብርሃን ጋርዶብናል። የብረቱን መስመር ግን አልነካብንም።

ከእሷ በፊት ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ሂቶሚ። በ2016 የካቲት ወጥታ መጋቢት ላይ ጠፋች። የተላከላት የመቆጣጠሪያ ቁጥር ስህተት ስለነበረበት መሽከርከሯን ማቆም ሲገባት ባሰባት። ክንፎቿ ተገነጠሉ። ያም ሆኖ በዚያች አጭር ዕድሜዋ የፐርሲየስ ክላስተርን ጋዝ አይታ፣ የመናወጡ ፍጥነት በሰከንድ 164 ኪሎሜትር አካባቢ መሆኑን ለክታ ነው የሄደችው። እኛ ሠፈር ይህን ቁጥር የማያውቅ የለም።

ወደ ጉዴ ልመለስ። አለቃዬ የአንድ ክላስተር መረጃ ሰጠኝና «በዝግጁው ሶፍትዌርም አስላው፣ በራስህ መንገድም አስላው፤ ይገናኙ እንደሆነ እንይ» አለኝ። እኔ ደግሞ የራስህ መንገድ ስባል ደስ ይለኛል። የተማሪነት ዘመን ኮዴን ከፈትኩ። የመስመሮቹን የሞገድ ርዝመት በአንግስትሮም (የናኖሜትር አንድ አስረኛ ነው) ከሰንጠረዥ ወስዶ ወደ ኤሌክትሮን ቮልት የሚመነዝር፣ ከዚያ ከመረጃው ጋር የሚያስተያይ አጭር ነገር ነው። አስኬድኩት። ጋዙ መሃል ላይ ከተቀመጠችው ጋላክሲ አንጻር በሰከንድ 38 ኪሎሜትር እየሸሸ ነው አለኝ።

ሶፍትዌሩ ግን ዜሮ አካባቢ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። አልቆምኩም። እርግጥ ዝም ብዬም አልዘለልኩም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የምድርን ሩጫ ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሮጠው በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ይህ ካልተስተካከለ መስመሩን ይገፋዋል። ተስተካክሏል። ደግሞም ከ30 ውስጥ 38 አይወጣም። ቀጥሎ መሣሪያውን ጠረጠርኩ። ሳተላይቷ ላይ ራዲዮአክቲቭ ብረት ተጭኗል። ሲፈራርስ 5900 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የማንጋኒዝ መስመር ስለሚያወጣ ለመለኪያነት ያገለግላል። እሱም ልክ ቦታው ላይ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ደህና፣ ምድር ደህና። የቀረው ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው፣ የየአቶሙ መስመር ቦታ የተመዘገበበት ሰንጠረዥ ነው አልኩ።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የሂቶሚ ቡድን በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ ያንኑ የፐርሲየስ መረጃ በሁለት የታወቁ ኮዶች ሲያሰሉት የብረቱ መጠን በ16 ከመቶ ተለያይቷል። ሰማዩ አንድ፣ መረጃው አንድ፤ ልዩነቱ የመጣው ከአቶም ስሌቱ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሰንጠረዥ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ያኔውኑ ኢሜይል ከጻፈ ነው።

ጻፍኩ። ለማን? ታችኛው ፎቅ ላብራቶሪ ለምትሠራ አንዲት ባልደረባ። በአማርኛ ብናወራ አንቱ የምላት ሴት ናት። አቶሞችን በኤሌክትሮን ጨረር እየገፈፈ አፍኖ የሚይዝ ማሽን አላቸው። ጠፈር ላይ ያለውን ራቁቱን ብረት እዚሁ ምድር ቤት ሠርተው መስመሩን ይለኩታል። እኛ ፎቅ ላይ የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ግማሹ ከእንደነሱ ዓይነት ቤት የወጣ ነው። ለእሷ ነው እንግዲህ «የብረቱ መስመር በ0.85 ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ብሎ የተመዘገበ ይመስላል» ብዬ የጻፍኩት። ግልባጭ ለአለቃዬ። ግልባጭ ለመላው ቡድን። ይህ ቅዳሜ ማታ ነው። በማግስቱ ደግሞ እናቴ ደወለች።

ሰኞ ጠዋት መልስ መጣ። አንዲት ቃል። «ሰልፈሩስ?»

አሰላሁ። ሰልፈር 2620 አካባቢ ላይ ነው፤ የእሱ ልዩነት 0.33። ላክሁ። «ካልሲየሙስ?» 3900 ላይ 0.50። ላክሁ። ከዚያ ዝም አለች። ከሰዓት ሻይዋን እንደያዘች ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ወንበር ስብ አድርጋ ተቀመጠችና ከጠረጴዛዬ ላይ ያገለገለ ወረቀት ገለበጠች። ሦስቱን ልዩነቶች ጻፈች። ከሥራቸው ሦስቱን ጉልበቶች ጻፈች። በስልኳ አካፈለቻቸው። ሦስቱም ከሚሊዮን 127 አካባቢ መጡ።

«እኛ ስንሳሳት እንደዚህ አንስማማም» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የብረቱን መስመር የለካ ሰው ሌላ ነው፣ የሰልፈሩን የለካው ሌላ። ዓመቱ ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ። ሰንጠረዥ ሲሳሳት አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይበታተናል። ሁሉም በአንድ ልክ ከተሳሳቱ፣ ወይ ጋዙ እውነትም እየሄደ ነው፣ ወይ ሁሉንም የሚያባዛ አንድ ቁጥር አለ።

«ሌላ ክላስተር አለህ?» አለች። ነበረኝ፤ ሌላኛው የሰማይ ጥግ ላይ ያለ። አስኬድኩት። 38።

«ዓለም ሁሉ በአንድ ፍጥነት ካንተ እየሸሸ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። የዓለም መስፋፋት ከስሌቱ አስቀድሞ የተቀነሰ መሆኑን ታውቃለች፤ ለመውጋት ነው። እኔ ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም። አንገቴ ሥር ይግለኝ ጀምሯል። ኮዱን ከፈትኩ። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። 12.4።

ፊዚክስ የተማረ ሰው አሁን ሳይስቅብኝ አይቀርም። የሞገድ ርዝመትን ወደ ጉልበት ለመመንዘር የፕላንክን ቁጥርና የብርሃንን ፍጥነት አባዝተህ ለሞገድ ርዝመቱ ታካፍላለህ። የብዜቱ ውጤት በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልትና በአንግስትሮም 12.39842 ነው። 12ኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ መምህራችን «ለፈተና 1240 ያዙ፣ ሰዓት አታባክኑ» ይሉን ነበር። ያው ቁጥር ነው፣ በኤሌክትሮን ቮልትና በናኖሜትር ሲሆን። እውነታቸውን ነው። ምርጫ ለማጥቆር ከበቂ በላይ ነው። እኔም ይዤው ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኮዴ፣ ከኮዴ ወደ ጀርመን። 12.4ን ለ12.39842 አካፍለው። ትርፉ ከሚሊዮን 127 ነው። ያንን በብርሃን ፍጥነት አባዛው። በሰከንድ 38 ኪሎሜትር። ማንጋኒዙ የዳነው ቁጥሩ መጀመሪያውኑ በኤሌክትሮን ቮልት ስለተቀመጠ ነው። በእኔ ምንዛሪ አላለፈም። እኔ ግን እሱን የመሣሪያው ጤንነት ማስረጃ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ከሰስኩበት።

አልተቆጣችኝም። ይልቅ የኦክስጅንን ታሪክ ነገረችኝ። በጋላክሲያችን ኮከቦች መካከል ያለው ኦክስጅን 527 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ላይ ኤክስሬይ ይውጣል። ጠፈር ላይ የተለካው ቁጥርና ላብራቶሪ የተለካው አልገናኝ ብለው ዓመታት ቆዩ። ልዩነቱ በፍጥነት ሲተረጎም ጋዙ በሰከንድ በመቶዎች ኪሎሜትር ይበራል የሚያሰኝ ነበር። ኋላ በ2020 የወጣ ጥናት ጥፋተኛውን አገኘ። ሰማዩ ምንም አላጠፋም። ላብራቶሪዎቹ ሚዛናቸውን የሚያስተካክሉበት የኦክስጅን ሞለኪውል ቁጥር ራሱ በ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት የተዛነፈ ነበር። የተያዘውም ጥቂት ኤሌክትሮን ብቻ በቀራቸው አቶሞች ነው። እነሱን በስሌት አጥብቆ ማወቅ ስለሚቻል ሚዛኑን ራሱን ይመዝናሉ። «ያ ቁጥር ስንት ላብራቶሪ እንደዞረ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ያንተ ሁለት ቀን ነው የቆየው።»

ሁለተኛውን ኢሜይል ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንድ አንቀጽ ናት። ግልባጩን ቀንሼ ለእሷ ብቻ ልልክ ዳድቶኝ ነበር። ግን የመጀመሪያው ለሁሉም ሄዷል። ሐሙስ ማታ ለሁሉም ላክሁ። አለቃዬ «ተቀብያለሁ፣ ቀጥል» አለኝ። አንድ ጣሊያናዊ ልጅ በማግስቱ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋና የእሱንም ኮድ እንድናይለት ጠየቀኝ። የብርሃንን ፍጥነት በሰከንድ ድፍን ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር ብሎ ነው የያዘው። ብንጠይቅ ደግሞ ሌላም ሳይኖር አይቀርም።

እሁድ እናቴ ደወለች። «ያገኘኸውስ ነገር?» አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። «ጠፋ» አልኳት። «ፈልግ፤ እዚያው አካባቢ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የፎቶኤሌክትሪክ ጥያቄ ላከልኝ። ፈተና ደርሶበታል። የሞገድ ርዝመት ተሰጥቷል፣ ጉልበቱን ፈልግ ይላል። «አጎቴ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እያባዛሁ ሰዓት አለቀብኝ፤ አጭር መንገድ የለውም?»

ጣቴ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆመ። «1240 ያዝ» ብዬ ላክሁለት። ቀጥዬ ሌላ ጻፍኩ። «ኮድ መጻፍ ስትጀምር ግን ደውልልኝ።»

«የምን ኮድ?» አለኝ።