ሦስት ዘውድ ያለበት ድስት

ጓደኛዬ ሻንጣውን በግራም የሚመዝን ሰው ነው። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ ጥሏል። በሰሜን ስዊድን ከአቢስኮ ተነስተን እስከ ኒካሎክታ በእግር ልንሄድ ተስማምተን፣ እኔ ከጦር ሠራዊት የተረፈ ማብሰያ እንደምይዝ ስነግረው «እንግዲያው አህያም አብረህ ግዛ» አለኝ። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አብዛኛው 440 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኩንግስሌደን፣ ማለትም የንጉሥ መንገድ፣ ሰሜናዊ ክፍል ነው።

ማብሰያውን የገዛሁት ስቶክሆልም ዳር ካለ፣ የወታደር ካፖርትና ድንኳን እስከ ጣሪያው ከተከመረበት ሱቅ ነው። የስዊድን ጦር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለወታደሮቹ ሲያድል የኖረው ዕቃ ነው፤ የነፋስ መከላከያ፣ ድስት፣ ክዳንም መጥበሻም የሚሆን ሁለተኛ ዕቃ፣ የነሐስ ማቃጠያና የአልኮል ጠርሙስ አንዱ በአንዱ ሆድ ገብተው በጠፍር ይታሰራሉ። የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳዩ ሦስት ትንንሽ ዘውዶች ተመትተውበታል።

ሁለት ዓይነት አለ። የማይዝገው ብረት አይጎደጉድም፣ በአሸዋ ቢፈተግም ግድ የለውም። ነገር ግን ከኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እሳቱም መሃሉን ብቻ ስለሚያገኘው ወፍራም ነገር ያሳርራል። አሉሚኒየሙ ቶሎ ይጎደጉዳል፣ ኮምጣጣ ነገር ሲያድርበትም ይበላል፤ ግን ቀላል ነው፣ ሙቀቱንም ያዳርሳል። ሽሮ ለመሥራት ላሰበ ሰው ምርጫው አያስቸግርም። ሻጩ ሳጥኑን ጎትቶ «ራስህ ምረጥ» ሲለኝ አልቸኮልኩም። የድስቶቹን ውስጥ በስልኬ መብራት አየሁ፤ ጥቁር ነቁጥ ያለበት ቦታ በጥፍር ሲነካ ከሻከረ መበላት ጀምሯል። ከሁሉ በላይ ግን የማቃጠያውን ክዳን እየፈታሁ በውስጡ ያለውን የጎማ ቀለበት አጠፍኩት። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። የሁለተኛውም እንዲሁ። በደረቀ ጎማ በኩል አልኮሉ ሻንጣ ውስጥ ይፈስና ዳቦው ሁሉ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸታል። ለስላሳ ጎማ ያለውን እስካገኝ ሻጩ ሦስት ደንበኞች ሸኘ። 450 ክሮና ከፈልኩ። ለአሮጌ ድስት ውድ ነው። መርካቶ ቢሆን ተከራክሬ ግማሹን አስቀር ነበር፤ እዚህ አገር ዋጋ በተጻፈበት ዕቃ ላይ መከራከር እንደ ብልግና ስለሚቆጠር ዝም አልኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ስለ ሌሊቱ ባቡር ብዙ የሚባል የለም። ከላይኛው አልጋ የሚያንኮራፋ ሰው ነበር፤ አቢስኮ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል።

በአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንኳን የሚተከለው በተፈቀዱ ቦታዎች ብቻ ነው። ከፓርኩ ከወጡ በኋላ ግን ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ባሻዎት ማደር ነው፤ ውሃም ከጅረቱ ቀድቶ መጠጣት። እኛ አገር ሰሜን ተራሮች ላይ ስሄድ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ በቅሎ ነጂና ምግብ አብሳይ አብረውኝ ነበሩ፤ ድንኳኔ ጋ ስደርስ ትኩስ ሾርባ ይጠብቀኛል። እዚህ አብሳዩም በቅሎውም እኔው ነኝ።

አለስያውረ ሐይቅ አጠገብ ነፋሱ ተነሳ። የጓደኛዬ የጋዝ ምድጃ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ቤት ውስጥ ውሃ በሦስት ደቂቃ ያፈላል። እዚያ ግን ነበልባሉ ወደ ጎን ተኝቶ ሣሩን ያሞቅ ጀመር። የእኔ መከላከያ ከታች በአንድ ጎኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር እሳቱ አየር ያገኛል፣ ይብሳል። አንድ ሊትር ውሃ ከአሥር ደቂቃ ትንሽ ዘግይቶ ተንተከተከ። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ኩባያውን ዘረጋልኝ። ሞላሁለት፤ እኔም ምንም አላልኩም፤ ዝም ማለቴ ግን ሳያበሽቀው አልቀረም።

ሽሮው ላይ ሲደረስ የወታደሩ ዕቃ ጠባዩን አሳየ። ይህ ማቃጠያ ከእሳት የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው፤ መንደድ ወይም መጥፋት። ለሚፈላ ውሃ የተሠራ ነው፤ ቀስ ብሎ መንተክተክ የሚባል ነገር አልተነገረውም። ድስቱን እያነሳሁ እያወረድኩ ሳማስል፣ ከጎናችን ድንኳን የተከሉ ስዊድናዊ አዛውንት ጥቂት ሲመለከቱኝ ቆይተው መጡ። ዘውዶቹን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ውትድርናቸውን ሲያገለግሉ በዚሁ ዓይነት ዕቃ ሲበሉ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ የበሉትን የዓሣ ቆርቆሮ ክዳን አንስተው በኪስ ቢላቸው መሃሉን ሳንቲም በምታህል ክብ በሱት፣ ስለቱን በድንጋይ ቀጥቅጠው አስተኙና እሳቱ ሲጠፋ ማቃጠያው አፍ ላይ አስቀመጡት። እንደገና ስንለኩሰው ነበልባሉ በቀዳዳዋ ብቻ ወጣ፤ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ የተረጋጋ። ሽሮው ፎቅ ፎቅ ማለት ጀመረ። ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከዚህ የተሻለ በአምስት ደቂቃ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ተራራው ላይ ግን ምናለሽ ተራ አልነበረም።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ። አልኮል በፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ አይታይም፤ ስለዚህ «ጠፍቷል» ብሎ ከጠርሙሱ መጨመር ልብስንና ጢምን ያስከፍላል። መጀመሪያ እጅን ከላይ ዘርግቶ ሙቀቱን መሞከር፣ ከዚያ ማቃጠያው እስኪበርድ መታገስ ነው። አልኮሉ ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ቢጨመርበት ድስቱን ጥቀርሻ እንደማያለብሰውም ነገሩኝ፤ ሞከርኩት፣ ልክ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ስለ ውትድርናቸው ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ነው። ስዊድን ግዴታውን እ.ኤ.አ. በ2010 አቁማ በ2017 እንዲመለስ ወስናለች፤ የልጅ ልጃቸው እንደሚጠራ ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። በእኛ ሰፈር ብሔራዊ ውትድርና ሲባል እናቶች ልጃቸውን የት እንደሚያሸሹ የሚመካከሩበት ወሬ ነበር። ይህን ልነግራቸው ፈለግሁና ሽሮ ጨመርኩላቸው። በርበሬው አሰቃያቸው፤ ሳህኑን ግን ጨረሱ።

መንገድ ላይ ባለ አንድ የተራራ ማረፊያ አልኮል ስገዛ ከከተማው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጠየቁኝ። ዕቃው የሚመጣው በክረምት በበረዶ ሞተር ተጎትቶ እንደሆነ አስረዱኝ። እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አልቀነሰውም። ጓደኛዬ ጋዙ ስለበቃው ያፏጭ ነበር።

ፉጨቱ የቆመው ከቻክቻ መተላለፊያ በታች ባደርንበት ሌሊት ነው። መተላለፊያው 1,150 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለደብረ ብርሃን ሰው ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ብርዱ ግን የከፍታ ሳይሆን የሰሜን ነው። ዝናብ ሲዘንብ አምሽቶ ሌሊቱን ወደ ውርጭ ተለወጠ፣ የድንኳኑ ጨርቅ እንደ ቆዳ ደረቀ፣ እኔም ያለኝን ልብስ ሁሉ ለብሼ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ጠዋት ጋዙ ተልፈሰፈሰ። አልኮሉም ሲቀዘቅዝ ክብሪት አይቀበልም፤ ማቃጠያውን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ሸሚዜ ውስጥ ከብብቴ ሥር ካሞቅሁት በኋላ ግን በመጀመሪያው ክብሪት ያዘ። ያቺ ለስላሳ የጎማ ቀለበት አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

ቡናውን በድስቱ አፈላሁ። አተላው እስኪወርድ ጠብቄ ስቀዳ ግማሹ በድስቱ ከንፈር እየተንሸራተተ መሬት ወረደ፤ የስዊድን ጦር ስለ መቅጃ ያሰበ አይመስልም። ጓደኛዬ «ጀበናም ይዘህ በመጣህ» አለኝ። ለመያዝ አስቤ እንደነበር አልነገርኩትም።

ከዚያ በሳልካና በሲንጊ አድርገን፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ከብነካይሴን ደመና ሸፍኖት ሳናየው አልፈን፣ ኒካሎክታ ደረስን። የተረፈኝን አልኮል ጉዞ ለሚጀምሩ ሁለት ጀርመናውያን ሰጠሁ። ከኪሩና የምንመለሰው በአውሮፕላን ስለነበር ማቃጠያውን ሽታው እስኪለቅ አጥቤ ቀኑን ሙሉ ክፍቱን ነፋስ ላይ አዋልኩት፤ ነዳጅ የሚሸት ምድጃ አይሳፈርም። ስሰጋለት የነበረው ማብሰያ ከሻንጣው ጋር ማንም ሳይጠይቅ አለፈ። የያዙኝ በእጄ በነበረው ሽሮ ነው። ፈታሿ ከረጢቱን ከፈተችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እያስረዳኋት ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ካስነጠሳት በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።